ያልታረሰ ሜዳ

የክሪኬት አፍቃሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት የለንደኑ ሎርድስ ሜዳ አሁን ያለበት ቦታ ላይ የሰፈረው በ1814 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በሌሎች ሁለት ቦታዎች ነበር። ቶማስ ሎርድ የመጀመሪያውን ሜዳ በ1787 ከፈተ፤ የኪራይ ዘመኑ ሲያበቃ ወደ ሌላ ስፍራ ተሻገረ፤ እዚያም ለጀልባ መተላለፊያ ቦይ ሊቆፈር ሆነና ደግሞ ለቀቀ። ሲለቅ ግን ሣሩን ከነአፈሩ አስነስቶ ወደ አዲሱ ቦታ ወሰደው ይባላል። ሰውዬው የሚወደውን ሜዳ ጥሎ መሄድ አልሆነለትም።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ ጋሞ ደጋ ሄደ። እዚያ ሣሩን ተሸክሞ መሰደድ የማይታሰብበት ሜዳ አለ፤ ዱቡሻ ይባላል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ሰው አባያ ሐይቅ ከበታቹ እየራቀ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ዶርዜ ሲደርስ እንሰቱ፣ ቀርከሃው፣ የገብሱ ማሳ አንዱ ካንዱ ተያይዞ ያገኘዋል። የጋሞ ደጋ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት አገር ነው፤ ተዳፋቱ ሁሉ ሳይቀር ይታረሳል። በዚህ መሐል አንድ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ዳር ዳሩን ያረጁ ዛፎች የቆሙበት፣ ማረሻ ሳይነካው ይገኛል። መሬት ያጠረው ገበሬ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፤ በሬውን ግን አያስገባበትም። ለብዙ ትውልድ እንዲህ ሲታለፍ ኖሯል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ደሬ የሚባለው እያንዳንዱ የጋሞ አገር የራሱ ዱቡሻ አለው፤ በየሰፈሩም ትንንሾቹ አሉ። የድንበር ጠብ፣ ስርቆት፣ የነፍስ ግድያ፣ የዕርቅ ጉዳይ እዚያ ይታያል። ሽማግሌ ለልጁ፣ ለከብቱ፣ ለእህሉ፣ ለአገሩ ሰላም ይመርቃል፤ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የሚናገር ይነሳል፣ የሚያዳምጥ ይቀመጣል። ድምፅ ተቆጥሮ አብላጫው ረታ የሚባል ነገር የለም። ካልተስማሙ ነገሩ ያድራል፤ ሌላ ቀን ተመልሰው ይቀመጡበታል። እዚያ ቆሞ የዋሸ ጎሜ፣ ማለትም የነውር ሥራ መዘዝ፣ ያገኘዋል። ጎሜ የሚፈራው በራስ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለልጅም፣ ለከብትም፣ ለአዝመራም ይተርፋል።

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ አቤሌስ በአባያ አናት ላይ ካለው የኦቾሎ ሕዝብ ጋር ኖሮ ይህን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ በ1983 እ.ኤ.አ. ታተመ። የጥንቷን ግሪክ ያጠና የነበረው ማርሴል ደቲየንም የኦቾሎን ጉባኤ ከግሪክ ከተሞች ሸንጎ ጎን አስቀምጦ መርምሮታል። በዚህ እኮራለሁ። ጉድለቱም ግን ከአቴና ጋር አንድ ነው። በአቴና ሴትና ባሪያ ድምፅ አልነበራቸውም፤ በዱቡሻም ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን ከጉባኤው ውጭ ቆይተዋል። ሰው ሁሉ የሚጠጣበትንና የሚበላበትን ጀበናና ድስት የሠራች እጅ ሜዳው ላይ ቦታ ማጣቷ ያሳዝነኛል።

መስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጥግ ባለችው በኦሮሚያዋ ቡራዩና በአካባቢዋ ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎጂዎቹ መካከል በሽመና የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች ብዙ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ የሞተው ወንድሙ ነው። በቀሉ ሊያርፍ የነበረው ግን በዚያው ከተማ በሚኖሩ፣ በነገሩ እጃቸው በሌለበት ኦሮሞዎችና በንብረታቸው ላይ ነበር።

የጋሞ አባቶች አስፋልቱ ላይ ወጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተንበረከኩ። በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ወጣቶቹ ዘረጉ። ልጅ በአባቱ ፊት በሚንበረከክበት አገር አባት በልጁ ፊት ተንበርክኮ ሲለምን ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ የዚያ አገር ሰው ያውቀዋል። እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ደግሞ ጎሜ ነው። ወጣቶቹ ቆሙ። ፖሊስ ቢያስቆማቸው ኖሮ ሲመሽ በሌላ መንገድ ይመለሱ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለሽማግሌ የቆመ ግን ቤቱ ገባ። ኦሮሞም በኢሬቻ እርጥብ ሣር ይዞ ነው ፈጣሪውን የሚያመሰግነው። ያን ቀን ጠባቂና ተጠባቂ ሣሩን በአንድ ዓይን ያዩት ነበር።

ይህ በአንድ ጠዋት የተፈጠረ ብልሃት አይደለም። አባቶቹ የተቀመጡበት፣ የሰሙበት፣ የታገሡበት ሜዳ ነበራቸው፤ ወጣቶቹም የሽማግሌን ቃል መፍራት የተማሩት ከዚያው ነው። ሥርዓቱ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። የፕሮቴስታንት እምነት ሲስፋፋ የዱቡሻው መሥዋዕትና የሹመት ሥርዓት በብዙ ቦታ ቀዝቅዟል። አማኞቹን አልወቅስም፤ መሥዋዕቱ ቢቀር እንኳ መቀመጫው ለሁሉም ይበቃል። የሚያሰጋኝ መሬቱ ነው። የልጅ ልጅ የሚካፈለው ማሳ እየጠበበ ሲመጣ፣ ከተማም ሲሰፋ፣ ባዶ የሚመስል ሜዳ ዓይን ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤትም፣ ጤና ጣቢያም፣ ቢሮም መሥሪያ ቦታ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው፤ ሁሉም ደግሞ በጎ ምክንያት አላቸው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ የወል ይዞታን ከግጦሽና ከደን ሌላ ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውል መሬት ብሎም ያውቀው ነበር። ዱቡሻ ከዚህ የበለጠ ምን ማኅበራዊ አገልግሎት ሊሰጥ ነው? እያንዳንዱ ደሬ ሜዳውን በወል ይዞታነት ያስመዝግብ፤ ወሰኑ ይለካ፣ ዛፎቹም በካርታው ላይ ይግቡ። ሜዳው ሲለካ ሴቶቹና ሸክላ ሠሪዎቹም ወሰኑን ከሚመሰክሩት መካከል ይቁሙ።