«የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ሲባል ማን ያፍራል?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር! ሆድ ሲያም በአገራችን ሐኪም ያልሆነ ማን አለ? አንዱ «ጨጓራ ነው» ይላል፤ ሌላው «ምች ነው» ይላል፤ ጎረቤት ፌጦ ይዞ ይመጣል፤ ጓደኛ ከቦርሳዋ እንክብል ታወጣለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አንዳንዱ የሆድ ሕመም ተኝተው የሚያሳልፉት አይደለም። ሰዓታት ብቻ ነው የሚሰጠው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ትርፍ አንጀት ይዞኝ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ሕመሙ የጀመረኝ እምብርቴ ዙሪያ ነበር። ምግብ አስጠላኝ፤ አስመለሰኝ። ሲነጋ ወደ ታች ወርዶ በቀኝ በኩል ተተከለ። ስራመድም ሆነ ስስል ይወጋኛል። አከራዬ «ብርድ ነው የኔ ልጅ፣ ዳማከሴ ልጭመቅልሽ» ቢሉኝም ጓደኛዬ ታክሲ ይዛ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ።

ዶክተሩ ሆዴን ቀስ አድርጎ ተጫነና ድንገት ለቀቀው። ወይኔ! ከመጫኑ ይልቅ መልቀቁ አስጮኸኝ። ይሄ የሆድ ዕቃ ሽፋን መቆጣቱን ሊያሳይ እንደሚችል በኋላ አስረዳኝ። ደም ሰጠሁ፤ ሽንት ሰጠሁ፤ በአልትራሳውንድም ታየሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር፤ «የወር አበባሽ መቼ መጣ? ልታረግዢ የምትችይበት ሁኔታ አለ?» ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

በዚያው ቀን እንደኔ በቀኝ በኩል ከሆዷ በታች አሟት የመጣች ልጅ ነበረች። ታሪኩን ያጫወተችኝ ራሷ ነች፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ያንኑ ጥያቄ ስትጠየቅ እናቷ ከራስጌዋ ቆመው ስለነበር «በፍጹም!» አለች። ፊቷ ግን ገርጥቷል፤ ያዞራታል፤ ትከሻዋን ሳይቀር ያማታል። ነገሩ የገባት ነርስ እናትየውን በዘዴ ከክፍሉ አስወጣቻቸው። ያኔ ልጅቷ እያለቀሰች እውነቱን ተናገረች። ሽንቷ ሲመረመር እርጉዝ ናት። ፅንሱ ያረፈው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ላይ ነበር፤ ቱቦው ፈንድቶ ደም ወደ ሆዷ ይፈሳል። በጥድፊያ ኦፕራሲዮን ሆና ተረፈች። «በፍጹም» ብላ ቢታመንላትስ ኖሮ?

ሐኪም ይህን የሚጠይቀው ጨዋነታችንን ሊመዝን አይደለም። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አንድ ቦታ ላይ ስለሚያሙ ነው።

ወንዶችም አትሳቁ! የዘር ፍሬ ሲጠማዘዝ ሕመሙ ሆድ ላይ ሊሰማ ይችላል። በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ካልተፈታ ፍሬው ሊሞት ይችላል። ስንቱ ጎረምሳ ነው «ሆዴን ነው» ብሎ ሱሪውን አጥብቆ የሚተኛው?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ድንገት የመጣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ወይም ለሰዓታት አልለቅ ያለ፣ ትኩሳትና ማስመለስ ያለበት፣ ወይም ሆድ ተነፍቶ አየርም ሰገራም አልወጣ ካለ ሐኪም ቤት ሂዱ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትውሰዱ። ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል በመንገድ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ። «ተሻለኝ» ብላችሁም አትዘናጉ፤ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጊዜው ቀለል ሊል ይችላል፤ መግሉ ግን ሆድ ውስጥ እየተሰራጨ ነው።

እናቶችና አባቶችም ሐኪሙ ልጃችሁን ሲጠይቅ ሳትባሉ ወጣ በሉ። ክፉ ነገር ሊወራ አይደለም፤ ሕይወት ሊተርፍ ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እሱ ለጠጅ ቤት ይሁን! ሐኪም ፊት ግን ብቅሉ አይጠበቅም፤ እውነቱን ቶሎ መናገር ነው።