የደበቅኩት ሥራ

ሥራዬ መስታወት ማጠብ ነው። ለንደን ውስጥ ከሰፈር ሰፈር እየዞርኩ የመኖሪያ ቤት፣ የሱቅና የቢሮ መስኮት አጥባለሁ። ይህን አጭር ነገር ሆሳዕና ላሉት ዘመዶቼ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሲጠይቁኝ «ውሃ ማጣሪያ ላይ ነው የምሠራው» እል ነበር። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ መኪናዬ ላይ ውሃ ማጣሪያ አለ። ሰሚው ግን ከዚያ ተነሥቶ ቢሮና መሐንዲስ እንደሚያስብ አውቅ ነበር፤ እንዲያስብም እፈልግ ነበር። የምናዘዘው ስለዚህ ፍላጎቴ ነው።

የደበቅኩትን ሥራ አስቀድሜ በሚገባው ልክ ልናገር።

የቧንቧ ውሃ መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ነጠብጣቡ ውሃው ውስጥ ሟምቶ የነበረ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌላ ማዕድን ነው፤ ውሃው ሲተን እርሱ ይቀራል። የለንደን አካባቢ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ማዕድኑ ይበዛል፤ የማዕድን መለኪያዬን ስነክርበት በሊትር ከ300 ሚሊግራም በላይ ያሳያል። ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ግን ደርቆም ምንም አይተውም። ስለዚህ ሳሙና የለም፣ መወልወልም የለም፤ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ይለቀለቃል፣ ራሱ እንዲደርቅ ይተዋል።

ማዕድኑ የሚወጣው በየደረጃው ነው። የመጀመሪያው ማጣሪያ ደለልና ዝገት ይይዛል። ሁለተኛው የከሰል ማጣሪያ ነው፤ ክሎሪኑን ያስቀራል፤ እርሱ ከተረሳ ክሎሪኑ ቀጥሎ ያለውን ሜምብሬን የሚባል ስስ ማጣሪያ ይበላዋል። ሜምብሬኑ ውሃውን በግፊት አሳልፎ ከማዕድኑ ከ95 በመቶ የሚበልጠውን ያስቀራል። የተረፈውን ሬዚን የሚባለው የመጨረሻ ማጣሪያ ይይዘዋል፤ መለኪያው ዜሮ ሲል ውሃው ለሥራ ደርሷል ማለት ነው። ሬዚን ውድ ስለሆነ ከባዱን ሸክም ሜምብሬኑ ይሸከምለታል። ሜምብሬኑ ደግሞ በእኔ መሣሪያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲሰጥ የዚያኑ ያህል ወደ ፍሳሽ ይለቃል። ጀሪካን ይዤ ወረፋ እየጠበቅኩ ስላደግኩ ያን የሚፈስ ውሃ ማየት እስካሁን ይከብደኛል፤ የቻልኩትን ያህል በበርሜል እያጠራቀምኩ ዕቃና መኪና አጥብበታለሁ።

መኪናውን ማሰናዳት ሌላ ሙያ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 400 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 400 ኪሎ ነው፤ በዚያ ላይ ሮቶው ራሱ፣ ፓምፑ፣ ባትሪው፣ የውሃ ጎማውና ሹፌሩ አሉ። እያንዳንዱ መኪና የተፈቀደ የጭነት ልክ አለው፤ ከዚያ ማለፍ ሕግ መተላለፍ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ድንገተኛ ፍሬን ነው። መኪናው ሲቆም ውሃው አይቆምም፤ በተራ ገመድ የታሰረ ሮቶ ሹፌሩን ሊጨፈልቀው ይችላል። ስለዚህ ሮቶው ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ መሆን አለበት፤ በብረት ፍሬም ታቅፎም ከመኪናው ወለል ጋር በቡሎን ይታሰራል። ፓምፑን የሚያዞረው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ውሃው በቀጭን ጎማ ተጉዞ ከካርቦን ፋይበር በተሠራ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባለው ብሩሽ ይወጣል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሬት ላይ ቆሜ አጥባለሁ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው ደንብ ከፍታ ላይ ወጥቶ መሥራትን ማስቀረት ከተቻለ እንዲቀር ያዛል፤ መሰላል ለብዙዎቻችን የመጨረሻ አማራጭ የሆነው በዚህ ነው። በጥርና በየካቲት ጎማው ጠዋት ጠዋት በረዶ ሠርቶ ይደርቃል፤ ጣቴም ዘንጉን መያዙን እስከማላውቅ ድረስ ይደነዝዛል።

ይህ ሥራ ዕውቀትና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ማንንም አይጎዳም፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ታዲያ ለምን አፈርኩበት?

መልሱን እንግሊዝ አገር ብፈልገው አላገኘሁትም። ሐፍረቱን ከቤት ይዤው ነው የሄድኩት። በሀዲያም በከምባታም ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። «ፉጋ» እየተባለ ከማዕድ ተለይቷል፤ ልጁን የሚያገባ፣ ልጁን የሚድርለት አልነበረም። ሸክላ ሠሪዋ የሠራችው ድስት ግን የሁላችንም ምድጃ ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በእግዚአብሔር ፊት እኩል መሆናችንን አስተማረችን፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አሜን ብያለሁ። ሆኖም ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተምሬ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ ገብቼ ውሃ አልጠጣሁም። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ስላላደረገው አላደረግኩትም። አሜን ያልኩበት ትምህርት ልቤ ውስጥ እንዳልገባ ያወቅኩት በራሴ እጅ ሥራ ባፈርኩ ጊዜ ነው። ሰው በእጁ ለሚሠራው ሥራ ያለኝ ንቀት ዞሮ እኔው ላይ አረፈ።

ንቀቱ በእኔ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳዩ የእኔና የአምላኬ ብቻ በሆነ ነበር። አላበቃም።

መስከረም ሲጠባ በውጭ ያለው ሰው ወደ አገሩ ይገባል። በመስቀል ሰሞን ሀዲያ ለያሆዴ በዓል፣ ከምባታ ለመሳላ በዓል ይሰበሰባል። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካም እንመጣለን። በሬ እንገዛለን፣ ለሽማግሌ ጋቢ እናለብሳለን፣ ጎረምሳው ሲያየን በደንብ ለብሰን ነው። አንድ ዓመት የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አንተ ሄደህ ነው ሰው የሆንከው» አለኝ። እዚህ የቀረ ሰው አይደለም ማለቱ ነበር። ልመልስለት ይገባ ነበር፤ ንግግሩ ስለጣመኝ ዝም አልኩ። ብዙ ሳይቆይ ደላላ አግኝቶ በሞያሌ በኩል ወጣ። መንገድ ላይ ተይዞ፣ ወራት ታስሮ፣ ከስቶ ተመለሰ። እኔና እህቴ እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ምክንያቱም ሌሎች አልተመለሱም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ 64 ሰዎች በኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጥቅምት 2015 በማላዊ ምዚምባ የወገኖቻችን የጅምላ መቃብር ተቆፍሮ ወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሉሳካ አጠገብ 27 ሬሳ ተጥሎ ተገኘ፤ የእነርሱም አገር ኢትዮጵያ እንደሆነ ተነገረ። በዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው መንገድ የሚሄደው ከየት አካባቢ እንደሚበዛ የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔና የሺንሺቾ ሰው የሚነግረው አያስፈልገውም።

እነዚህን ሰዎች የገደለው የእኔ ዝምታ ነው አልልም። ድህነት አለ፣ የሰው ነጋዴ አለ። ሀዲያና ከምባታ በአገራችን ገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ ለአባት የበቃ የእንሰት ጓሮ ለአራት ወንድ ልጅ ሲከፋፈል አይበቃም። ግን ደላላው ልጁን የሚያሳምነው የእኛን ፎቶ አሳይቶ ነው። ፎቶውን የሰጠነው እኛ ነን፤ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ሥራ የደበቅነውም እኛ ነን። በዚህ ድርሻ አለኝ፤ ድርሻዬንም በሌላ ላይ ልጥለው አልፈልግም።

የእህቴ ልጅ ከተመለሰ በኋላ በቪዲዮ ደወልኩለትና መኪናዬን ከፍቼ አሳየሁት። ሮቶውን፣ ማጣሪያዎቹን፣ ዘንጉን፣ የተሰነጣጠቀ እጄን አየ። ኪራይ ስንት እንደምከፍል፣ በየስንት ሰዓት እንደምነሣ፣ ዝናብ ሲመታኝ እንደምውል ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ ይኼ እዚህ አይሠራም?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። መስታወት የለበሰ ፎቅ እየበዛ ነው፤ ከፎቆቹም በውጭ አገር ገንዘብ የተሠሩ አሉ። በበጋ አቧራ ይለብሳሉ፤ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ በጨርቅ ሲወለውል ያየሁትን ሰው አልረሳውም። እኛ አገር ደግሞ ለንደን የሌላት ነገር አለን፤ ደጋው ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ብዙ ዝናብ። የዝናብ ውሃ ማዕድኑ እጅግ ጥቂት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ተሰብስቦ ደለሉ ከተጣራ ሬዚን ብቻ ይበቃዋል፤ ሜምብሬን አያስፈልግም፣ ወደ ፍሳሽ የሚሄድ ውሃም አይኖርም፣ የቧንቧ ወረፋው የሚቀማበት ሰውም የለም። ለአንድ ዳማስ 150 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለመነሻ ያህል በቂ ነው። ሬዚኑና ዘንጉ ከውጭ ይገባሉ፤ ምንዛሪ ይጠይቃሉ። በጋው ረጅም ስለሆነ ማጠራቀሚያው ትልቅ መሆን አለበት። ሕንፃ አሳጥቦ የሚከፍል ባለቤት መኖሩም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። ሀብታም ትሆናለህ አላልኩትም፤ ዕቃውን እኔ እገዛለሁ፣ ሙያውን አስተምርሃለሁ፣ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን አልኩት።

በውጭ የምትኖሩ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ሆይ፣ ሽንት ቤት ብታጸዱ፣ ሱቅ ብትጠብቁ፣ አረጋዊ ብትንከባከቡ፣ ሥራው ክቡር ነው። ዘንድሮ ለመስቀል ስትገቡ ታናናሾቻችሁን ሰብስቡና ምን እንደምትሠሩ፣ ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ ከደመወዛችሁ ምን ያህሉ እንደሚተርፋችሁ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ከጋቢውና ከበሬው ይልቅ ይህ ያስፈልጋቸዋል።