ከበሩ 10 ሜትር

ባሕር ዳር ላይ ሲጋራ ሊለኩስ የፈለገ ሰው ከክብሪቱ በፊት ዙሪያውን ይቃኛል። የአባቱ ወዳጅ በዚያ እንዳያልፍ፣ የሰፈር እናት እንዳታየው፣ የንስሐ አባቱ ድንገት እንዳይመጡበት። ከመጡ ሲጋራዋ መዳፍ ውስጥ ትደበቃለች፣ እጅ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጢሱ በአፍንጫ እየሾለከ ያጋልጠዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ውጭ ማጨስ ከዚህም በላይ ይከብዳል።

ስለ አጫሹና ስለማያጨሰው መብት ስንከራከር ይህን ነገር እንዘለዋለን። ሕጉ አጫሹን «ውጣ» ይለዋል፤ እኛ ደግሞ «ግባና ተደበቅ» እንለዋለን።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ከልክሏል። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስም አይቻልም። ሺሻ ታግዷል፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥም ክልክል ነው። ጠንካራ ሕግ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ጥናት መጠጥ ቤት ከገቡ ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሌላ ሰው ጢስ አግኝቷቸዋል። ይህን ያህል ጥቂት ሰው ያን ሁሉ ቤት በጢስ የሚሞላው እንዴት ነው? መልሱ ከባድ አይመስለኝም። ጎዳናው ላይ ስለሚያፍር ነው፤ የሚያጨሰው መጠጥ ቤትና ጫት ቤት ተሰብስቦ፣ በር ዘግቶ ነው።

እፍረቱ ሥሩ ሩቅ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። ትምባሆ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚሉ አባቶችም አሉ። ዛሬ መቁረጫው ቀርቶ ዓይን ብቻ ተርፏል፤ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ቀን ቀን ጣና ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያጨስ ሰው ብዙም አያስቸግርም፤ የሐይቁ ነፋስ ጢሱን ይወስድለታል። ችግሩ የሚመጣው ማታ ነው። የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትንኝ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የአንዱ ትንፋሽ የሁሉም ነው። «ካልተመቸህ ሌላ ቤት ሂድ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ እሄዳለሁ፤ ሒሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ። አስተናጋጇስ? እሷ እስኪነጋጋ እዚያው ናት፣ ነገም እዚያው ናት። ደንበኛውን «ወንድሜ፣ ውጭ ብታጨስ» ብትለው ጉርሻዋ ይቀራል፤ ምናልባትም ሥራዋ። አየርላንድ በ2004 እ.ኤ.አ. መጠጥ ቤቶቿን ሳይቀር ከጢስ ነፃ ስታደርግ ዋና ምክንያት ያደረገችው የሠራተኛውን ጤና ነበር፤ ትክክልም ነበረች። እኛም አገር በይሉኝታ የታሰረችው አስተናጋጅ አትለምን፤ ተቆጣጣሪም አትሁን። መናገር ያለበት ባለቤቱ ነው።

ለአጫሹም ልከራከርለት። ሲጋራው በሕግ የተፈቀደ ሸቀጥ ነው፤ ሱቅ በደረቴው በፍሬ ይቸረችረዋል። መንግሥትም ከሱ ይበላል፦ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 30 በመቶና በፓኮ 8 ብር ጥሎበት ነበር። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን አብላጫ ድርሻ ደግሞ የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ይህ ሁሉ እየሆነ ሰውየውን እንደ ሌባ ማየት አያምርብንም። የራሱን ሳንባ በራሱ ይወስን። የማይወስነው የኔንና የአስተናጋጇን ነው።

እንግዲህ ንጹሕ አየር የምንፈልግ ሰዎችም የምንከፍለው ነገር አለ፦ አፍጥጦ የማየት ልማዳችንን። ደጅ ላይ ቆማ የምታጨስ ልጅ አይተን አንገታችንን እያዞርን፣ ወሬዋን ለእናቷ እያደረስን፣ ማታ ደግሞ ቤቱ በጢስ ታፈነ ብለን ማማረር አይሆንም። ውጭ ያጨሰችው ለእኛ ስትል ነው። ይህ ለብዙዎቻችን ከሕጉ የባሰ ይከብዳል፤ ለእኔም ይከብደኛል።

የሐይቅ ዳር ቤት ባለቤቶች ግን ለጅምሩ ትልቅ ወጪ የለባቸውም። ከበሩ 10 ሜትር ርቆ ዋርካው ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ መተርኮሻ። ጠረጴዛው ላይ ያለው መተርኮሻ ይነሳ፤ እሱ እያለ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ ቀልድ ነው። የክረምቱ ዝናብስ ለሚል፣ ከላይ ቆርቆሮ ጣል ይደረግበት። ግድግዳ ግን አይኑረው።