ቦርዲንግ ፓስ እንዴት ይነበባል?

አክስቴ ለሥራ ጅዳ ልትሄድ ስትል በጣም ፈራች። ምክንያቱም ከፍተሻው በኋላ ሸኚ አይገባም፣ ብቻዋን ናት። እኔም መምህራችንን ጠይቄ ማታ ማታ አስጠናኋት።

መጀመሪያ ቼክ ኢን ነው። እዚያ ፓስፖርት ያያሉ፣ ሻንጣ ይመዝናሉ፣ ከዚያ ቦርዲንግ ፓስ ይሰጣሉ። ወረቀቱ ላይ ስም፣ የበረራ ቁጥር፣ የመሳፈሪያ በር፣ የወንበር ቁጥርና ሰዓት አለ። ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ነው! 22:40 ካለ፣ 18 ሲቀነስ በእኛ ከምሽቱ 4:40 ነው። በሩ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ይዘጋል።

አክስቴ ደርሳ ስትደውል «በሬን ማንንም ሳልጠይቅ አገኘሁት» አለችን። እናቴ እልል አለች። እናንተም ቤታችሁ ተጓዥ ካለ ሰዓት መቀነሱን ቀድማችሁ አስጠኑ።