ባልዲው ይመለሳል፣ መብራቱ ግን አይመለስም

ዛሬ የምናወራችሁ የራሳችንን ቤት ጉድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ በዝቷል። እኛም ቤተሰብ ተባብረን አንድ ገዛን፤ ግቢያችን ውስጥ ግድግዳው ላይ 7 ኪሎዋት ቻርጀር አስተከልን። ከእኛ ማዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ወንድማችን ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና የታክሲ ሥራ ይሠራል። ቻርጀር የሚተክልበት ግድግዳ ግን የለውም። መኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፣ ቆጣሪው ፎቅ ላይ ነው።

"ማታ ማታ እኛ ጋ እየመጣህ ቻርጅ አድርግ" አልነው። "ስንት ልክፈል?" ሲለን፣ "አንተ ደግሞ! ለአላህ ብለን ነው" አልነው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 በመቶ ወደ 80 ለመድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በእኛ ቻርጀር ይህ ከ5 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። እሱ በሞላ ቁጥር እንጀራ የምንጋግርበት መብራት ጭምር ይወደድብን ጀመር። ምጣዱና ቻርጀሩ ከተገጣጠሙ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። ፊት ለፊት "ማሻአላህ፣ ግባ" እንለዋለን፤ ሲወጣ እናጉረመርማለን።

ባለፈው ረመዷን አንድ ሌሊት ለሱሑር ስንነሳ ቤቱ ጨለማ ነው። የቆጣሪው ካርድ አልቋል። በስልክ መብራት ቀዝቃዛ ምግብ በላን። በማግስቱ ከተራዊሕ በኋላ ሲመጣ "ቻርጀሩ ተበላሽቷል" አልነው። በጾም ወር፣ ከመስጂድ በተመለስን በደቂቃዎች ውስጥ ዋሸን።

ከሁለት ቀን በኋላ ኤሌክትሪሻን ይዞ መጣ። "ስንት ጊዜ ውለታ ውላችሁልኛል፣ ጥገናውን እኔ እችላለሁ" አለን። ባለሙያው መኪናው ላይ ሰካው፤ አረንጓዴው መብራት በራ። የምንገባበት ጠፋን። ወንድማችን ባለሙያውን ከፍሎ ከሸኘ በኋላ፣ "ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? መጀመሪያውኑ ስንት ልክፈል ብዬ ጠይቄ አልነበር?" አለን። እውነቱን ነበር። አፉ በሉን አልነው፣ የባለሙያውንም ክፍያ መለስንለት። ያን ቀን እኛ ቤት አፈጠረ፤ ከኢፍጣር በኋላም ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

ቁርኣን ውስጥ በማዑን ስም የተጠራ ሱራ አለ። ሙፈሲሮች ማዑንን ሲያብራሩ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያውሰውን ድስት፣ ባልዲና መጥረቢያ ይጠቅሳሉ። ቻርጀርም የዘመናችን ባልዲ ነው፤ ግድግዳ ለሌለው ጎረቤት መንፈግ አይገባም። ልዩነቱ ግን ባልዲ ተውሶ ይመለሳል፣ የተቃጠለ መብራት አይመለስም። ስለዚህ ቻርጀሩን እናውሳለን፣ መብራቱን እንቆጥራለን።

አሁን ያለን ስምምነት ቀላል ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ምጣድ ሊጣድ ስለሚችል አይሰካም። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ኪሎዋት ሰዓት ደብተር ላይ ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ እኛ ካርድ በሞላንበት ሒሳብ፣ ያለ ምንም ትርፍ ይከፍላል። በቸገረው ወር ደግሞ የምንተውለት ካለ፣ ስንት እንደተውን አውቀን በደስታ እንተወዋለን።

ቻርጀር ያላችሁ፣ ለጎረቤት ክፈቱ። ግን መጀመሪያ ቀን ሰዓቱንም ዋጋውንም አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ። "ስንት ልክፈል?" ያላችሁን ሰው በይሉኝታ ዝም አታሰኙት። በኋላ የሚመጣው ማጉረምረም የሰጣችሁትንም አጅር ይበላባችኋል።

አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።