ግድግዳው የሚያለቅስበት ከተማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ግድግዳ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ለዚያውም የእኔን የዕቁብ ገንዘብ ጭምር ይዞ ነው ያለቀሰው!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የ180 ሺህ ብር ዕቁብ ወጣልኝ። እንደ እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ በየጋዜጣው እየሞነጫጨረ ለሚኖር ሰው ይህን ያህል ብር በአንዴ እጅ ሲገባ ራስ ያዞራል። ታላቅ እህቴ ደግሞ ደቡብ ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ ውስጥ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ዕቃ እየገዛች በካርጎ ትልካለች። "ብሩን በልተሽ ከምትጨርሺው ነይና ዕድልሽን ሞክሪ፤ ለወር እኔ ጋ ታርፊያለሽ" አለችኝ። ቪዛውና ትኬቱ ገና ሳልነሳ ከግማሽ በላይ ቆረጠመው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ልክ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከቦሌ ተነሳሁ።

"አየሩ እንዴት ነው?" ብዬ ደውዬ ጠይቄያት ነበር። "ሞቃት ነው" አለች። እኔም አምኜ ሸሚዝና ነጠላ ጫማ ሸከፍኩ። ስደርስ ቀዝቃዛ ካፊያ ጠበቀኝ። ከአየር ማረፊያው በር እስከ ታክሲው ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሄድኩ። እህቴ ወፍራም ጃኬት ለብሳ "ባለፈው ሳምንት ሞቃት ነበር እኮ!" ብላ ሳቀች። በሦስተኛው ቀን እኔም ጃኬት ገዛሁ። በአራተኛው ቀን ወበቁ መጣና ጃኬቴን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ላቤን እየጠረግኩ ዋልኩ። እናንተዬ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የእኛን ሐምሌና የአዋሽን ሚያዝያ ያፈራረቀ ከተማ ነው! የአገሬው ሰዎች ሩዝ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበላበት የአምስተኛው ወር በዓል ሳያልፍ የብርድ ልብስ ሳጥን ውስጥ አይገባም ይላሉ። ያ በዓል ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ነው የሚውለው።

መጽሐፍ ፀደይ ይለዋል። እኔ ግን ፀደይ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ፈልጌ ግራ ተጋባሁ። መንገድ ዳር የቆሙት የዋርካ ዘመድ የሆኑ ዛፎች በመጋቢት ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። ጠራጊዎቹ በመጥረጊያ ቢሉ በመጥረጊያ አይዘልቁትም። "ይሄማ በልግ ሳይሆን መኸር ነው" ስል፣ በሳምንቱ ዛፉ እንዳለ ለጋ አረንጓዴ ለብሶ አገኘሁት። ሌላው ዛፍ ደግሞ ሙሚየን ይባላል፤ የከተማዋ መለያ አበባ ነው። አንድ ቅጠል ሳይኖረው ቅርንጫፉ ሁሉ ጡጫ በሚያክል ቀይ አበባ ይሞላል። አበባው ሲወድቅ እንደ ጽጌረዳ በስሱ አይደለም፤ ዱብ! ነው የሚለው። አሮጊቶቹ የወደቀውን በፌስታል እየለቀሙ ያደርቁትና ሾርባና ሻይ ይሠሩበታል። ሰውነት ውስጥ የገባ እርጥበት ያስወጣል ይላሉ። ሰውነት ውስጥ እርጥበት ይገባል እንዴ? ብዬ ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

እህቴ የምትኖረው ሻኦቤይ በሚባለው፣ አፍሪካዊና ዓረብ ነጋዴ በሚበዛበት ሰፈር አካባቢ ነው። ከኮሮና በፊት ግርግሩ ከዚህ በላይ ነበር ትላለች። ለእኔ ይሄም በቂ ነው፤ ጾም ፍለጋ እንኳ ሩቅ አልሄድኩም፣ ሽሮ የሚሠራ የሐበሻ ቤት አለ። ቤቷ ምድር ቤት ናት። አንዷ ክፍል መኝታ፣ አንዷ ደግሞ መጋዘን። ሳንዩዋንሊ ከሚባለው የቆዳ ገበያ ሦስት ቀን ተከራክረን 60 የሴት ቦርሳ ገዛን። 35ቱ የእኔ፣ 25ቱ ገንዘቧን ቀድማ የላከች የአዲስ አበባ ደንበኛዋ ናቸው። እውነተኛ ቆዳ፣ ሽታው ብቻ ልብ ያጠፋል። ጭነቱ እስኪሞላ መጋዘኗ ውስጥ ደረደርናቸው። ከዚያ እህቴ ለሌላ ደንበኛ ዕቃ ልትፈልግ ዪዉ ወደሚባል ከተማ ባቡር ይዛ ሄደች። "አምስት ቀን ነው፤ ቤቱን ጠብቂ" ብላኝ።

በሁለተኛው ሌሊት ወበቁ ተመለሰ። ጠዋት ስነሳ የመጋዘኗ ሴራሚክ ውኃ ተደፍቶበት ጠበቀኝ። ቧንቧ ፈንድቷል ብዬ ዞሬ ፈለግኩ። ቧንቧው ደህና ነው። ቀና ስል ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ዘንግ ዘንግ ሆኖ ይወርዳል! መስታወቱም፣ በሩም፣ የደረጃው መደገፊያም ያልበዋል። እንግዲህ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቤቱ ሲታፈን ምን ያደርጋል? መስኮቱን ይከፍታል። እኔም ሁሉንም ወለል አድርጌ ከፈትኩና መወልወል ጀመርኩ። እወለውላለሁ፣ ይረጥባል። እወለውላለሁ፣ ይረጥባል።

ፊት ለፊታችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እህቴ "ፖፖ" ነው የምትላቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። በመስኮቱ አይተውኝ "አይያ! አይያ!" እያሉ መጡ። ፈቃድም ሳይጠይቁ ገብተው መስኮቶቹን አንድ በአንድ ደም ደም አድርገው ዘጉና በማላውቀው ቋንቋ ጮኹብኝ። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? "ጥቁር ስለሆንኩ ነው! የሽሮዬ ሽታ ስለሸተታቸው ነው!" ደሜ ፈላ። እሳቸው ሲወጡ ጠብቄ መስኮቱን መልሼ ከፈትኩት። በማግስቱ እንደገና መጥተው ዘጉ። እኔም እንደገና ከፈትኩ። በእልህ ሦስት ቀን እንዲህ ተከራከርን፤ እሳቸው በካንቶኒዝ፣ እኔ በአማርኛ።

በአራተኛው ቀን አንዱን ካርቶን ስከፍት ቡናማው ቦርሳ ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ሁለተኛውንም ከፈትኩ፤ እንደዚያው። ካርቶኑ ራሱ እንደ ራሰ እንጀራ እጄ ላይ ተቆረሰ። ሴራሚኩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ግድግዳው አለቀስኩ ብላችሁ አልዋሸኋችሁም።

እህቴ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው መስኮቱን ነው። ምንም አላለችም። ዘጋችው፣ ኤሲውን የውኃ ጠብታ ምልክት ያለበት ላይ አደረገችው፣ ከዚያ ካርቶን መክፈት ጀመረች። ስድቧን እመርጥ ነበር። ማታ ላይ ነው ነገሩን ያስረዳችኝ። አገሬው ይህን "ሁዪ ናን ቲየን" ይለዋል፤ ደቡብ የሚመለስበት ቀን እንደማለት። የክረምቱ ብርድ ግድግዳውና ወለሉ ውስጥ ገና አልወጣም። ከደቡብ፣ ከባሕሩ በኩል ሞቃትና እርጥብ ነፋስ ድንገት ይመጣል። ያ ነፋስ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ያስልበዋል። ምድር ቤት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። መስኮት መክፈት ማለት ባሕሩን ወደ ቤት መጋበዝ ነው። እንግዲህ ፖፖ ሲጮሁብኝ የነበረው ይህንኑ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ በአልኮልና በስስ ጨርቅ ጠረግን። 43ቱ ዳኑ። 17ቱ ላይ እንደ ካርታ የተሣለ ነጠብጣብ ቀረ። "የደንበኛዬ ይቀድማል" አለች እህቴ ዓይኔን ሳታይ። ከዳኑት ውስጥ 25ቱን ቆጥራ ለብቻ አሰረች። የእኔ ድርሻ 18 ደህናና 17 ነጠብጣብ ሆነ። ልከራከር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ቢያንስ አፍ መዝጋት ተምሬያለሁ። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን "እንጀራ አለ" እና "በሩን ቆልፊ" ካልሆነ በቀር አልተነጋገርንም።

ለንግድ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቆዳ ነገር ምድር ቤት አታሳድሩ፤ ፎቅ ይሻላል። ከደቡብ ሲነፍስ፣ በተለይ ጠዋትና ማታ መስኮት ዝጉ። ነፋሱ ከሰሜን ዞሮ ሲበርድ ግን ያለስስት ክፈቱት። በየጫማ ካርቶኑ የምናገኛትን፣ እኛ ወርውረን የምንጥላትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት በብዛት ግዙ፣ ርካሽ ናት። ሚያዝያ 7 ግድም ትልቁ የካንቶን የንግድ ትርኢት ይከፈታል። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ያን ጊዜ የሆቴል ዋጋ ስለሚሰቀል ቀድማችሁ ያዙ። ጃኬትም ነጠላ ጫማም ያዙ፤ ሁለቱንም።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ፣ የሙታን መቃብር የሚጸዳበት የቺንግሚንግ በዓል ባለፈ ማግስት፣ ሌሊት ነጎድጓድ ወረደና ጠዋት ደረቅ ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ግንብ ስንት ቀን ጉም ውስጥ ከርሞ ጫፉ ታየ። ሰፈሩ እንዳለ መስኮቱን ከፈተ። ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ የሕፃን ጫማ፣ ሁሉም እንደ ባንዲራ ተሰቀለ። ወለሉ እስከ እኩለ ቀን ደረቀ።

ፖፖ ደጃፋቸው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ቀይ አበባቸውን እየበተኑ ነበር። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። እህቴን "ይቅርታ በይልኝ፣ ስለ መስኮቱ" አልኳት። ተረጎመችላቸው። ብዙ አወሩ፤ እህቴ ግን "ምንም አይደለም ነው የሚሉት" ብላ ብቻ አሳጠረችው። ፖፖ እጄን ይዘው ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ደረቅ ነው። ከዚያ መዳፌን ገልብጠው ለራሴ አሳዩኝ፣ ሳቁም። እህቴም በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

18ቱ ቦርሳዎች አዲስ አበባ በሁለት ሳምንት አለቁ። ነጠብጣቦቹን በግማሽ ዋጋ ለጓደኞቼ ሰጠሁ፤ አንዱን እኔው ይዤዋለሁ። ዕቁቡን ከፍዬ የጨረስኩት በ2017 ጥቅምት ነው። ፖፖ በፌስታል የሰጡኝን ደረቅ አበባ እናቴ በስኳር አፍልታ ቀመሰችውና "ይሄን ለማምጣት ነው አገር አቋርጠሽ የሄድሽው?" አለችኝ።