የከሚሴን ፎቶ ቤት የሚያዘገየው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው?

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። እንደ ማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ፎቶ ቤት አያጣትም። መስከረም ሲጠባ ተማሪ ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፤ የሠርግ ሰሞን ሲመጣ ደግሞ የአልበም ወረፋ ይረዝማል። ሥራ ሲበዛ ከፎቶ ቤት የሚሰማው እሮሮ የታወቀ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ዘገየብኝ»።

እሮሮው እውነት አለው። ግን ግማሽ እውነት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ባለሙያ ከሠርግ ቤት 600 ፎቶ ይዞ ገባ እንበል። እያንዳንዱን ከፍቶ ብርሃኑንና ቀለሙን ለማስተካከል 2 ደቂቃ ቢፈጅበት 1,200 ደቂቃ ይሆናል፤ 20 ሰዓት ማለት ነው። አዲስ ኮምፒውተር ቢገዛም ይህ ጊዜ ብዙ አያጥርም፤ ምክንያቱም ሰዓቱን የሚበላው ዓይኑና እጁ ነው። ያው ሰው ግን መጀመሪያ አንድ ሰዓት ወስዶ ቢመርጥ፣ ዓይን የተጨፈነበትን፣ የደበዘዘውንና የተደጋገመውን ጥሎ 150 ቢያስቀር፣ ቀሪው ሥራ 5 ሰዓት ነው። 20 ሰዓት የነበረው 6 ሆነ። አንድ ብር አልወጣም።

ሁለተኛው ነገር ተመሳሳይ ሥራን ደጋግሞ በእጅ አለመሥራት ነው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ብርሃን የተነሱ 40 ፎቶዎች ካሉ ላይትሩም ላይ አንዱን አስተካክሎ ማስተካከያውን ለሌሎቹ ማዳረስ ይቻላል። ፎቶሾፕም እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው 4ኛ እትሙ ጀምሮ «አክሽን» የሚባል መሣሪያ አለው። አንዴ የሠሩትን ይቀዳል፤ ከዚያ በአንድ ቁልፍ ይደግመዋል። ጉርድ ፎቶ ለዚህ የተፈጠረ ሥራ ነው። ልኩ አንድ ነው፣ ወረቀት ላይ የሚደረደረውም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በየቀኑ ሠላሳ ጊዜ በእጁ የሚቆርጥና የሚደረድር ሰው፣ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ መፍትሔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነው የሚደክመው።

ፍጥነት ግን ሁሉን ፊት አንድ ዓይነት ቀለም መቀባት አይደለም። ጠይሙንም ቀዩንም በአንድ አክሽን የሚያነጣ ፎቶ ቤት ሥራ አላፋጠነም፤ የሰው መልክ ነው የቀየረው። ለአክሽን የሚሰጠው ልክና አደራደር ነው። ፊት በዓይን ይታያል።

እስከዚህ ያለው በባለሙያው እጅ ነው። ከሱ አቅም በላይ የሆነውስ?

በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በአብዛኛው የክልሉ ክፍልም ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘግቶ ቆየ። የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሮግራሙን አንዴ ሸጦ መስጠትን ትቶ ወደ ክፍያ ኪራይ ዞሯል። ኪራዩ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ ፕሮግራሙም ፈቃዱን ለማረጋገጥ በየጊዜው ኢንተርኔት ይጠይቃል። ዛሬ የሚወራላቸው ሥዕል የሚሞሉና ጀርባ የሚፈጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ኔትወርክ ሲዘጋ አብረው ይዘጋሉ። በሐምሌ 2016 መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። ሥልጠናው መልካም ነው። ግን ዲጂታል ሙያ ተማሩ የተባለ ወጣት ኔትወርክ ተዘግቶ የሚከርምበት ከተማ ውስጥ ምን ይሥራበት? የኢንተርኔት መዘጋት ሲተመን የባንኩና የመሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆን የፎቶ ቤቱም ኪሳራ ሊቆጠር ይገባል።

እስከዚያው ግን ብልሃት ያስፈልጋል። ጊምፕና ዳርክቴብል ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ከየፍላሹ እንደሚገለበጠው ክራክም ቫይረስ ይዘው አይመጡም። መብራት ለሚሄድበት ደግሞ ፎቶሾፕ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠውን መጠባበቂያ ወደ 5 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ቅጂ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ሲያዳርስ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው። ኮምፒውተር ተሸክሞ የሚሸሽ የለም። አንድ ሃርድ ዲስክ ሲጠፋ የባለቤቱ ንብረት ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የአካባቢው ሰው ሠርግ፣ የልጆች ምርቃት፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ እናትና አባት ፊት አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ ቅጂ በትንሽ ሃርድ ዲስክ ወስዶ ከሱቁ ውጭ፣ ሌላ ቤት ማስቀመጥ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ደንበኛም ድርሻ አለው። ፎቶውን በቴሌግራም ሲቀበልም ሲልክም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ በፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀነሳል፤ ኋላ ለግድግዳ ይታጠብልኝ ሲባል የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

ፈጣን ኮምፒውተር ሲገኝ ጥሩ ነው። ሥርዓት ያለው ሥራ ግን መብራት ሲሄድም ኔትወርክ ሲዘጋም አይቆምም። የከሚሴ ባለሙያ ከራሱ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ከመንግሥት የሚጠይቀው ደግሞ ሌላውን፦ ኔትወርኩን አትዝጉበት።